በኮምቦልቻ ዳር ያለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምዝገባ ሰሞንም ሆነ ዓመቱን ሙሉ በግቢያችን የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፤ የምመልሰው በከተማዋ ዳር የማስተምር መምህር ሆኜ ነው።

ልጄን 9ኛ ክፍል ለማስመዝገብ ምን ይዤ ልምጣ?

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤቱን፣ ከተማረበት ትምህርት ቤት የተጻፈ መሸኛ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የቀበሌ ማስረጃ ይዘው ይምጡ። ልጁም አብሮ ይምጣ።

ስሙ ሲጻፍ ቆመው ይዩ። ሰይድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ አያለሁ። በ8ኛ ክፍል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ በእኛ መዝገብ ሌላ ዓይነት ከሆነ ጣጣው የሚመጣው ልጁ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ነው። ማጥናት ባለበት ሰሞን ስም ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። የአያት ስምም እንደዚሁ ነው፤ ሠፈር የሚጠራበትና መዝገብ ላይ ያለው የሚለያይበት ቤት ብዙ ነው።

ክፍያ አለው?

ለትምህርቱ ክፍያ የለም። መዋጮ የሚባለው በወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ የሚወሰን ሲሆን ለጥበቃ፣ ለወንበር ጥገና፣ ለወረቀትና ለፈተና ማባዣ ይውላል። "ትምህርት ለትውልድ" የሚባለው የትምህርት ቤቶች ማሻሻያ ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወላጅ በገንዘብም፣ በአሸዋና በድንጋይም፣ በጉልበትም ያግዛል።

መዋጮ ያልከፈለ ተማሪ ከክፍል መውጣት የለበትም። የሌለዎት ከሆነ በስብሰባ መሐል መናገር አያስፈልግም፤ ርዕሰ መምህሩን ወይም የክፍል ኃላፊውን ለብቻ ያነጋግሩ። ዝም ብሎ መቆየት ግን ልጁን ይጎዳዋል። "ነገ ይዘህ ና" እየተባለ ሲሳቀቅ ሰንብቶ መምጣቱን የተወ ልጅ አውቃለሁ፤ ወላጆቹ ነገሩን የሰሙት ልጁ ከቀረ በኋላ ነበር።

ለምን ግማሽ ቀን ብቻ ይማራሉ?

ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ስለሚበልጥ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል፤ እኛ ጋ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በፈረቃ ይማራሉ፤ ጠዋትና ከሰዓቱም ይቀያየራል። የቀረውን ግማሽ ቀን ልጁ የት እንደሚያሳልፍ መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ ተማሪ ከየት መጣ? ዱሮ እንዲህ አልነበረም።

አልነበረም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ከሆነች ቆይታለች፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ቆዳውም፣ ቢራውም ከሩቅ ሰው ያመጡ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተመረቀ በኋላ ግን የመጣው በአብዛኛው ገና ያልተዳረ ወጣት ነው፣ ይልቁንም ሴት። አንድ ክፍል ቤት ትከራያለች፣ ዓመት ሳይሞላት ታናሽ ወንድሟን ወይም እህቷን ለትምህርት ታስመጣለች። "ወላጅ አምጣ" ብለን ስንልክ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ የፋብሪካ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ የምትመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እሷ ናት ወላጁ። ይህን ያልተረዳ መምህር "እናትህን ነው ያልኩህ" ብሎ ይመልሳታል፤ ያ በጣም ያሳዝነኛል።

ከእርሷ ቀጥሎ የገበሬው ልጅ አለ። ለፓርኩ፣ ለአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ የባቡር መስመርና ለመኖሪያ ቤት የተወሰደው መሬት የሰው እርሻ ነበር። ካሳው ለጥቂት ዓመት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ልጁን የሚያወርሰው በሬና ማሳ ስለሌለው ተስፋው ሁሉ ትምህርት ቤታችን ላይ ያርፋል። አባቶቻቸው ስብሰባ ሳያስቀሩ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ጦርነቱም አለ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በጦርነቱ ውስጥ አለፉ። ከዚያ በፊት ከሰሜን ወሎ የሸሸ ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሰፍሮ ነበር። ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ወደ ደቡብ ወሎ መጥተዋል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ስለተዘጉ፣ ልጁን ከተማ ዘመድ ጋ የሚልክ ወላጅ በዝቷል።

ተፈናቅለን ነው የመጣነው፤ የልጁ ካርድ ከቤቱ ጋር ቀርቷል። ይመዘገባል?

አብሽሩ፣ መንገድ አለው። ካርድ የለንም ብላችሁ ልጁን ቤት አታስቀምጡት፤ ዓመት ካለፈው መመለሱ ይከብዳል።

የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በክልል ትምህርት ቢሮ ስለሆነ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ቢሮው ዘንድ ይገኛል። ልጁ አማራ ክልል ከተፈተነ ከዚሁ ክልል ቢሮ፣ ኦሮሚያ ከተፈተነ ከኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ይጠየቃል። የተፈተነበት ዓመት፣ የትምህርት ቤቱና የወረዳው ስም፣ የሚቻል ከሆነ የመፈተኛ ቁጥሩ ያስፈልጋል። አብሮት የተፈተነ ጓደኛ ካርዱን ይዞ ከሆነ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ የልጃችሁ ቁጥር ከእርሱ ብዙ አይርቅምና ለፍለጋው ይረዳል።

ከባዱ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት ነው። ይህ የሚቀመጠው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ብቻ ስለሆነ የውጤት መዝገቡ (ሮስተሩ) ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው። ያኔ መፈናቀላችሁን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሂዱ፤ ልጁ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። የቀድሞ መምህሩ ወይም ርዕሰ መምህሩ በስልክ የሚገኝ ከሆነ ምስክርነቱ ብዙ ያግዛል። ልጁ ደብተሮቹን ይዞ ከወጣ እነሱንም አምጡ። የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ የመጣ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ የት እንደደረሰ ከዚያ ደብተር በላይ የነገረን ማስረጃ አልነበረም።

ልጃችን ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ ሊማር ነው። ምን እናስብ?

ከሀርቡ፣ ከደጋን፣ ከአልብኮ በኩል የሚመጡ ልጆች የሚኖሩት እንዲህ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ የሄደ ያያቸዋል፤ አንዱ ማዳበሪያ እንጀራና ደርቆሽ፣ አንዱ ፌስታል ሽሮና በርበሬ፣ በእጁ ደግሞ ደብተር። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሰኞና ማክሰኞ ጥሩ ይበላሉ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እንጀራው ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ ያኔ ደርቆሹ ይጀመራል። ዓርብ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቱን ዴስክ ላይ የሚደፋው ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ አልደመድምም፤ መጀመሪያ ምን እንደበላ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ስንቁን ሁሉ እሑድ ከመላክ፣ ሳምንቱ መሐል ላይ ለገበያ የሚመጣ ጎረቤት ካለ በእርሱም ጥቂት ይላኩ። ከሚላከው እንጀራ ቀንሶ ቆሎና በሶ ማብዛት ይጠቅማል። ቤቱን ወላጅ ራሱ አይቶ ይከራይ። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ሰው እንደሚገድል ልጁ በደንብ ይወቅ፤ ይህን ሳላነሣ ዓመቱን አልጀምርም፣ በየዓመቱ በ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንት እናገረዋለሁ።

ለሴት ልጅ ጥንቃቄው ይጨምራል። አከራይዋ ሴት የሆነችበት፣ ግቢው ውስጥ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ቤት ይፈለግ። የከሰዓቱ ፈረቃ ሲመሽ የሚያልቅ ስለሆነ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለውን መንገድ ወላጅ በዚያው ሰዓት በእግሩ ይሂደው። የአከራይዋን ስልክ ለክፍል ኃላፊው፣ የክፍል ኃላፊውን ስልክ ለአከራይዋ ይስጡ። አንዲት ልጅ ሁለት ቀን ብትቀር የሚጠይቅላት ሰው ከተማው ውስጥ መኖር አለበት።

ልጄ ጎበዝ ነበረ፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ውጤቱ ወረደ። ምን ሆነ?

ቋንቋው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በስተቀር ሁሉም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውን በአማርኛ ብታስረዱት የሚገባው ልጅ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ስላቃተው ይወድቃል። ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚመጡት፣ ከባቲም ከከሚሴም በኩል፣ ጫናው በእጥፍ ነው፤ ታችኛውን ክፍል የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ መምህሩ እንዲገባቸው ብሎ በአማርኛ ሲያብራራ ለእነሱ ሌላ ቋንቋ ጨመረባቸው ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ተማሪ ዝም ሲል አልገባውም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሒሳብ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ሳሠራቸው ግን ማን ምን እንደሚችል ይታያል።

ቤት ውስጥ የሚረዳው ነገር ውድ አይደለም። በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል በደብተር መጨረሻ ይጻፍ። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም ሲያነብ አጠገቡ ይቀመጡ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት አይተው ተስፋ አይቁረጡ፤ ከጥር በኋላ የሚያንሰራሩ ብዙ ናቸው።

ለጁምዓ ይወጣሉ ወይ? በጾም ጊዜስ?

የዓርብ የምሳ ዕረፍት ረዘም ስለሚል የሚሰግደው ሰግዶ ይደርሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ስለሚል በግቢው ውስጥ የአንዱም የሌላውም ስብከት የለም፤ ሻሽ የጠቀለለችውም፣ ማተብ ያሰረችውም አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ወሎ ውስጥ ይህ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ ከሌላ አካባቢ የመጡ ወላጆች ስለሚጠይቁ ነው የጻፍኩት።

በእነዚህ ዓመታት ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተደራረቡ ስለመጡ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ላይ ይጾማል። በዚያ ሰሞን ስፖርቱን ቀለል እናደርጋለን፤ ፈተና ሲኖርም በጠዋት እንዲሆን እንጥራለን።

ደሴ ብልከው አይሻልም?

ደሴ ስም ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሏት። የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት በሆኑት በወይዘሮ ስኂን ስም የተሰየመውን ተቋም የማያውቅ ወሎዬ የለም። ዘመድ ጋ የሚያድር ከሆነ ይሂድ።

ከኮምቦልቻ እየተመላለሰ ይማር የሚለውን ግን አልመክርም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐሉ ላይ ግን የሐረጎ ዳገት አለ። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ይጋርደዋል፣ ዳገቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ ልጁ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈው። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በቆላ ልብስ የወጣ ልጅ ብርዱን አይችለውም። ለትራንስፖርት የሚወጣው ገንዘብ እዚሁ ለመጽሐፍና ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢውል የበለጠ ያተርፋል።

ልጄ "ትምህርቱን ትቼ ፋብሪካ ልግባ" ትላለች፤ ጓደኞቿ ዓረብ አገር ሄደዋል። ምን ልበላት?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ የምመልሰው አይደለም፤ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁና። በመጀመሪያ ሕጉን ይወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሊሠራ አይችልም። ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ ለመሄድም 18 መሙላት ግድ ነው። ዕድሜዋን ጨምሮ ቀበሌ የሚያስጽፍላት ደላላ ካለ ሊያጠፋት ነው። በየመን በኩል የሚሄደው መንገድ ምን እንደሚያደርግ ወሎ ውስጥ ያልሰማ ቤት የለም።

ፋብሪካውም ቢሆን ይዋዥቃል። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ) ስታስወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተመቱ፤ ሥራ ያጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም። ቤቱ በእርግጥ የእርሷን ገቢ የሚፈልግ ከሆነ ለክፍል ኃላፊዋ ይናገሩ፤ ፈረቃዋን ማመቻቸት ይቻላል። ለልጅቷ ደግሞ "አትሄጂም" ከማለት በፊት ለምን እንዳሰበችው ይጠይቋት። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጫማ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የቤት ኪራይ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ሰው ተባብሮ ሊሸፍናቸው ይችላል።

ከዚህ ተምሮ 12ኛ ክፍልን ማለፍ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ቁጥሩን ሳልሸሽግ ልናገር። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ይህ የእኛ ትምህርት ቤት ችግር ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። 50 ያልሞላለት ነገር ግን መቁረጫ ነጥቡን ያገኘ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ያልደረሰውም ኮምቦልቻም ደሴም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለለት። ብየዳና ኤሌክትሪክ የተማሩ ልጆቻችን ዛሬ ሠርተው ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ "ወደቀ" የሚለውን ቃል ለእነሱ አልጠቀምበትም።

ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲደርስ ይደነግጣል። በእረፍት ቀን የሰፈር ኢንተርኔት ቤትም ሄዶ ቢሆን ይለማመድ።

"መጤዎቹ የትምህርት ቤቱን ደረጃ አወረዱት" ይባላል። እውነት ነው?

የቆዩ ነዋሪዎች በግልጽ ይጠይቁኛል፤ በግልጽ እመልሳለሁ። በፍጹም። በ2018 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ኮሮና በ2012 ትምህርት ቤት ሲያዘጋ 6ኛ ክፍል ነበር፤ ጦርነቱ ሲደርስ 8ኛ። ይህ የከተማውንም የመጤውንም ልጅ እኩል ያገኘ ነው። በጦርነቱ ብዙ ትምህርት ቤት ዴስኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ የላቦራቶሪ ዕቃው ተዘርፎ ነበር የተከፈተው። ቲትሬሽን የሚባለውን የላቦራቶሪ ሙከራ በቾክ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ማስተማር የኬሚስትሪ መምህር ጥፋት አይደለም፤ ከወልዲያ የመጣው ልጅም ጥፋት አይደለም።

መጨናነቁ እውነት ነው፤ ዴስክ ያንሳል፣ መጽሐፍ ለሁለት ይካፈላሉ። መፍትሔው ግን ክፍል መጨመር ነው፤ የሚጠየቀውም ትምህርት መምሪያው ነው፤ ወላጅ በአንድ ድምፅ ሲጠይቅ ደግሞ ይሰማል። "የእኛ" እና "የእነሱ" ተባብሎ የተከፋፈለ ስብሰባ አንድ ዴስክ አላስገኘም። ይልቅ በሠፈርዎ ቤት የሚያከራዩ ከሆነ ተማሪ ላይ ኪራይ በመሐል ዓመት አይጨምሩ፤ ልጆች ሚያዝያ ላይ የሚያቋርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጦርነቱ አቋርጦኝ ነበር፤ አሁን 20 ዓመቴ ነው። ከትናንሾች ጋር ልቀመጥ?

ተቀመጥ። በየክፍሉ እንዳንተ ያሉ አሉ። የመጨረሻ ካርድህን ይዘህ ና፤ ካቋረጥክበት ትቀጥላለህ። ቀን የምትሠራ ከሆነ የማታ ትምህርት አለ፤ ክፍያ አለው፣ ምዝገባውም ከመደበኛው በተለየ ቀን ስለሚሆን ቀድመህ ጠይቅ። 12ኛ ክፍልን ጨርሰህ ውጤት ያልመጣልህ ከሆንክ በግል ተፈታኝነት ተመዝግበህ መፈተን ትችላለህ።

ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ የድሮ መጽሐፍህ ከአሁኑ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። አዲሶቹን ከቤተ መጻሕፍት ተዋስ ወይም በስልክህ አውርድ። መጀመሪያ በሒሳብና በእንግሊዝኛ ጀምር፤ ሌላው በእነሱ ላይ ነው የሚቆመው። ስትመዘገብ ወደ መምህራን ክፍል ብቅ በል፤ ከየትኛው ምዕራፍ እንደምትጀምር አብረን እናያለን።